በድልድይ አፍ ላይ የቆመ በር

ሰው ቤት ይሠራል፣ በር ይገጥማል። አጥር ያጥራል፣ በር ይገጥማል። ለዶሮ ማደሪያ እንኳ በር ይገጥማል። ድልድይ ላይ በር የገጠመ ሰው ግን ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ ቤት ለቤት ብትጠይቁ ከእኔ በቀር አታገኙም። ከተማው ውስጥ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ እስከ ዛሬ ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ በሩ ነው። ስለ ሚስቴና ስለ ልጆቼ ጤና የሚጠይቀኝ ከዚያ በኋላ ነው፤ ያውም ጊዜ ከተረፈው።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኢኮኖሚክስ መምህር ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ እንድታከብሩኝ ብዬ ሳይሆን ጥፋቱ ከየት እንደ መጣ እንዲገባችሁ ነው። ያልተማረ ሰው እንዲህ ያለ ስህተት ልሥራ ቢል እንኳ ከየት እንደሚጀምር አያውቅም።

በየዓመቱ የግል ዕቃንና የጋራ ዕቃን ልዩነት አስተምራለሁ። ለግል ዕቃ ምሳሌዬ ሙዝ ነው። ሙዙን ክፍል ይዤ እገባለሁ፣ ተማሪዎቼ ፊት ልጬ እበላዋለሁ፣ ከዚያ "አያችሁ? እኔ ስለ በላሁት እናንተ አትበሉትም፤ ካልሰጠኋችሁም አታገኙትም" እላለሁ። አንድ ጊዜ ከኋላ ወንበር አንዱ "ቲቸር፣ ምሳሌውን እርስዎ ብቻ ነዎት የሚበሉት?" ብሎኝ ክፍሉ በሳቅ ፈርሷል። ለጋራ ዕቃ ደግሞ ምሳሌዬ ድልድይ ነው። አንዱ ቢያልፍበት ለሌላው አይቀንስም። ስለዚህ አላፊን መከልከል ማንንም አይጠቅምም እላለሁ። ይህን ስናገር ድምፄ እንዴት እንደሚያምር ብትሰሙ!

እንግዲህ ወደ ሠፈሬ ልውሰዳችሁ። ከዋናው መንገድ ወረድ ብለን ዘጠኝ ቤት ነን። በእኛና በመንገዱ መካከል የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። የቆፈሩት ሰዎች "ነገ መጥተን እንጨርሰዋለን" ብለው እንደ ሄዱ ናቸው። መጀመሪያ ሕፃን ልጅ ይዘለው ነበር። ከዚያ የሆሳዕና ክረምት ዳርና ዳሩን እየበላ እየበላ በሰኔ ወር ስፋቱን ዘጠኝ እርምጃ አደረሰው። ገበያ ለመሄድ ወይ ሩቅ መዞር ነው፣ ወይ ሱሪን ሰብስቦ ጭቃ ውስጥ መግባት ነው።

የእድራችን ሊቀ መንበር አቶ ላምቤቦ ሰበሰቡን። ጡረታ የወጡ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቁመታቸው የበር መቃን የሚነካ ሽማግሌ ናቸው። "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ብለው ጀመሩ። እያንዳንዱ ቤት ጥቂት ጥቂት ሳንቃ ያምጣ፣ ድልድይ እንሥራ ተባለ። ከዚያ ዙሩ ተጀመረ።

"እኔን ተዉኝ" አለ የሆመቾ መስመር ሚኒባስ የሚነዳው ጎረቤቴ ኑሪ፣ "ቀኑን ሙሉ መኪና ላይ ነኝ። ድልድይ ምን ያደርግልኛል?"

"እኔ ቦቲ አለኝ" አለች ነርሷ ሲስተር አበበች።

እንዲህ እየተባለ ዙሩ ራሳቸው አቶ ላምቤቦ ጋ ደረሰ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና "እኔ እንኳን እዘላለሁ" አሉ።

ዘጠኝ እርምጃ! ማንም አልሳቀም። የሳቀ ሰው ሳንቃ ሊጠየቅ ይችላል።

ነገሩን ከሁሉም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ። ሰው የጋራ ዕቃ ሲመጣ "አልፈልግም" ይላል፤ ሌላው ሲሠራው ግን ይጠቀማል። በትምህርቱ ነፃ ተሳፋሪ ይባላል። አሥራ አንድ ዓመት ያስተማርኩት ነገር እድር ድንኳን ውስጥ ስምንት ሰው ሆኖ ፊቴ ተቀመጠ። ማወቄ ግን ምንም አልጠቀመኝም። ትምህርት ቤቱ ለክረምት ተዘግቷል፣ ሥራ የለኝም፤ ስለዚህ የጓሮዬን ሁለት ባሕር ዛፍ አስቆርጬ በግንዶቹ ላይ ሳንቃ ደረደርኩና ድልድዩን ብቻዬን ሠራሁት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው።

በማግስቱ መጀመሪያ ያለፉበት አቶ ላምቤቦ ናቸው። "ዛሬ ጉልበቴን ትንሽ ስለ ያዘኝ ነው፤ እንጂ እዘል ነበር" አሉኝ። ከዚያ ተመልሰው አለፉ። ከሰዓት ደግሞ ያለ ምንም ጉዳይ አለፉ። ኑሪ አለፈ፣ ሲስተር አበበች ቦቲዋን አውልቃ በእጇ ይዛ አለፈች፣ የማላውቃት ፍየል አለፈች። ያመሰገነኝ የለም። አንዱ እንዲያውም "ይነቃነቃል" ብሎ ወቀሰኝ።

ሚስቴ ታደለች ግን ምንም አልመሰላትም። "ታዲያ በሰው እግር ያልቅብሃል?" አለችኝ። "አንተ ስታልፍ መንገድ የዘጋብህ አለ? ይለፉበት!"

እኔ በጠመኔና በሰሌዳ አርባ ደቂቃ የሚፈጅብኝን ትምህርት በሁለት ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ክፍል ውስጥ ልክ የነበረው ነገር ደጄ ላይ ሲመጣ ግን ልክ አልመስልህ አለኝ። ቆሽቴ አርሮ ነበር። ይባስ ብሎ አንድ ጠዋት ኑሪ ደጄ ላይ ቆመና "መምህር፣ ድልድይህ አንድ ሳንቃ ተሰብሮበታል" አለኝ። ሲያልፉበት ድልድያችን፣ ሲሰበር ድልድይህ!

ያን ቀን የድሮ ኩሽናችንን የቆርቆሮ በር ከነመቃኑ አውጥቼ፣ በእኛ በኩል፣ ደጄ ፊት ለፊት ባለው የድልድዩ አፍ ላይ ሁለት ምሰሶ ቀብሬ ገጠምኩት። ቀለሙ ሰማያዊ ነው። ግራና ቀኙን በእሾህ አጠርኩ። ቁልፉን በአንገቴ አንጠለጠልኩ። ሳንቃ ያመጣ ያልፋል፣ ያላመጣ ቁጭ ይላል። የጋራ ዕቃን በአንድ ቁልፍ የግል ዕቃ አደረግሁት። ለመጽሐፌ አዲስ ምዕራፍ የጨመርኩ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ዝናቡ እየዘነበ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

"ቤቶች! ሰው የለም?"

"ማነው?"

"እኔ ነኝ፣ ላምቤቦ። ጡማ ነው ቤቱ?"

ጡማ በሀዲያውም በከምባታውም ደኅና፣ ሰላም እንደ ማለት ነው። ሰላም ብሎ በር ያንኳኳ ሽማግሌ ምን ይባላል? "ሳንቃ ያምጡ" ልል ከፈትኩ። ዝናቡ በባርኔጣቸው ጠርዝ ይወርዳል። ሌሊቱን ሙሉ ያጠናሁት ንግግር አፌ ላይ ሲደርስ ጠፋ። አፌ ደግሞ እናቴ እንዳሳደገችው ራሱ ተናገረ። "ውይ፣ ደጅ አይቁሙ! ይግቡ፣ ይግቡ!"

ገቡ። በር ከፍቼ ይግቡ ያልኩት ሰው ወዴት ይሄዳል? ቤቴ ገብተው ተቀመጡ። ታደለች አየቻቸው፣ እኔን አየችኝ፣ ከዚያ ቆሎ አቀረበች። እሳቸውም ዘግነው፣ መርቀው፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ተከትሎ ሲስተር አበበች አንኳኳች። ከሌሊት ሥራ መውጣቷ ነው። "ግቢ፣ ግቢ!" ከእርሷ በኋላ የኑሪ ሚስት፣ ከእርሷ በኋላ የማላውቀው የጤፍ ነጋዴ። እነዚህ ሰዎች በድልድዩ ዝም ብለው ያልፉ በነበረ ጊዜ አላፊ አግዳሚ ነበሩ። በር ካቆምኩላቸው በኋላ እንግዳ ሆኑ። በእኛ አገር ደግሞ በር አንኳኩቶ የገባ እንግዳ ሳይቀምስ አይወጣም። ይህን የሦስት ዓመት ልጄ ታውቀዋለች። ኢኮኖሚክስ ያልተማረች ስለሆነች።

ይህ የሚገቡት ነው። የሚወጡትስ? እነሱም በሩ ስለ ተቆለፈ ከውስጥ በኩል ያንኳኳሉ። ልወጣ ነው ብሎ የሚያንኳኳ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ከበሬ የሚወጣ ሰው ደግሞ ይሸኛል። አስፋልቱ ድረስ እሸኛለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ሌላው ቆሞ ይጠብቀኛል። አንድ ቀን አቶ ላምቤቦ እህታቸውን ሊጠይቁ ሞርሲቶ ሲሄዱ አስፋልቱ ላይ "ይብቃህ፣ ተመለስ" አሉኝ። "ግድ የለም፣ ትንሽ ልሸኝዎት" አልኩ። መናኸሪያው በር ላይ "በቃ ተመለስ እንጂ" አሉኝ። "ቦታ ልያዝልዎትና እመለሳለሁ" አልኩ። ቦታ ይዤ ሳለሁ መኪናው ሞልቶ ተንቀሳቀሰ። ሞርሲቶ ደረስኩ። እህታቸው አብልታኝ፣ በተራዋ ልትሸኘኝ ተነሳች፤ እኔ ደግሞ እሷን መልሼ ልሸኝ እንዳልነሳ ስል ሮጬ መኪና ውስጥ ገባሁ።

ቆሎው በሳምንት አለቀ። ቀጥሎ ዳቦ ሆነ። ከዚያ ታደለች ከዳምቦያ ገበያ ያስመጣችው ቅቤ ተነካ። በመጨረሻ ወደ ጓሮ ሄዳ የቆጮውን ጉድጓድ ከፈተች።

ስለዚህ ጉድጓድ ልንገራችሁ። ስንጋባ አማቴ ከዱራሜ የእንሰት ችግኝ አሸክማ ላከችልን። ታደለች ስድስት ዓመት ኮትኩታ አሳደገችው፤ ዘንድሮ ቆረጠችው፣ ፋቀችው፣ በቅጠል ሸፍና ጉድጓድ ውስጥ ቀበረችው። ለመስቀል እናቷና ሁለት ወንድሞቿ ሊመጡ ነው፤ ቤታችንን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው። አማቴ በሽምግልናው ጊዜ "አስተማሪ ቤት ጠመኔ እንጂ ቆጮ አይገኝም" ብላ ነበር። ታደለች ለዚህ ቃል ስድስት ዓመት መልስ ስታዘጋጅ ኖራለች። መልሱ ጉድጓዱ ውስጥ ነው።

"ከላዩ ትንሽ ነው የምወስደው" አለችኝ። "የሰው ዓይን እያየኝ ባዶ አላስወጣም።"

"በሩን እነቅለዋለሁ" አልኩ። የምር ነበር። መንቀያውን ይዤ ወጣሁ። እዚህ ላይ ግን ሽማግሌዎቹ ደረሱ።

አራት ናቸው፤ ነጭ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው፣ በሩ ማዶ ድልድዩ ላይ ተሰልፈው ቆመዋል። ከፈትኩ።

"ግቡ! ግቡ!" አልኩ።

"አንገባም" አሉ ትልቁ ሽማግሌ። "ጉዳያችን ሳይፈቀድልን አንገባም፣ አንቀመጥም።"

በዚያ ክረምት አልገባም ያለ ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደነገጥኩ። "ኧረ ነውር ነው፣ በዝናብ! ተፈቅዷል፣ ግቡ!"

እርስ በርስ ተያዩ። "እንዲህ በአንድ ቃል?"

"እዚህ ቤት ደጅ ቆሞ የሚቀር የለም። ተፈቅዷል አልኳችሁ!"

እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ዱዓ አደረጉ። እኔም አሚን አልኩ። ገብተው ቆጮውን በአይብ በሉ፣ ጉልበቴን ሳሙኝ፣ እየተደሰቱ ሄዱ። ጉልበቴን ለምን እንደ ሳሙኝ የገባኝ ከሰዓት በኋላ ኑሪ በሬን ሲደበድብ ነው።

"ልጄን ድረሃታል አሉ!"

"እኔ?"

"አንተ! ድልድይ ላይ! ለዘይነባ የተላኩ ሽማግሌዎች እኮ ናቸው። ሠፈሩን አያውቁትም፤ ይኸን በር የእኔ መስሏቸው! እንደ ወጉ ሦስት ጊዜ ልመልሳቸው አስቤ፣ አንተ አጨብጭበህ ሰጠሃቸው?"

ከኋላው ዘይነባ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ትስቃለች። ሽማግሌ የላከውን ልጅ ትወደው ኖሯል። የሽማግሌ ቃል ተሰጥቷል፣ ዱዓ ተደርጓል፤ ኑሪም ሲበርድለት "መቼስ ከአላህ ነው" አለ። ይሁን እንጂ መንቀያውን እጄ ላይ ሲያየው ዓይኑ ፈጠጠ።

"ይኸን በር? ልጄ የተፈቀደችበትን በር? ከሠርጉ በፊት ብትነካው አንተና እኔ አንተዋወቅም!"

አቶ ላምቤቦም ተጠርተው "ቃል የተሰጠበት በር አይነቀልም" ብለው ፈረዱ። በዚህ ሁሉ መሀል ቤት እየቆጠረ የሚዞር አንድ ሰው መጥቶ በሩ ላይ በጠመኔ ቁጥር ጻፈበት። "ቤቱ እኮ የለም" አልኩት። "በር ካለ ቤት አለ" አለኝ። ከመቃኑ ሥር ዝናብ ያስጠለላቸውን አምስት ሰዎች ቆጥሮ ነዋሪ አድርጎ መዘገባቸው።

እንግዲህ በሩ ካልተነቀለ እንግዳነቱ ይቅር ብዬ አሰብኩ። መፍትሔዬን ስሙኝ፤ አስቀርጬ ለስምንቱም ቤት ቁልፍ ሰጠሁ። ራሳችሁ ከፍታችሁ ለፉ፣ አታንኳኩ! ያን ዕለት እንቅልፍ ወሰደኝ። ጠዋት ስነሳ አቶ ላምቤቦ ኩሽናችን ውስጥ ተቀምጠው ድስት ይከፍታሉ።

"ምነው አባቴ?"

"የቤትህን ቁልፍ ሰጥተኸኝ እንደ ባዕድ ልሁን እንዴ? ቤተሰብ ነን!"

ለካ እንግዳ የሚሻል ነገር ነበር። እንግዳ ያፍራል፣ "በቃኝ" ይላል፣ ይሄዳል። ቤተሰብ ግን ጨው ያንሰዋል ይላል። ስምንት ቤት ሰው በየተራ እየገባ ከጉድጓዱ ራሱ እየጨለፈ፣ ራሱ እየጋገረ ይበላ ጀመር። ስጮህ "መምህር ምን ሆነ?" እያሉ ታደለችን ይጠይቃሉ።

መስቀል አራት ቀን ሲቀረው ታደለች ወደ ጓሮ ሄደች። ስትዘገይ ተከተልኳት። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጣለች። ውስጡ የደረቀ ቅጠል ብቻ ነው።

"እናቴ 'ከሰጠሁሽ እንሰት አቅምሺኝ' ብላ ነው የምትመጣው" አለች። "ምን ልበላት?"

ከዚያ አለቀሰች። ታደለች ስታለቅስ የማየው ሁለተኛዬ ነው፤ የመጀመሪያው አባቷ ያረፉ ጊዜ ነው። ያን ሁሉ ሳምንት በራሴ ብልጠት ስናደድም ስስቅም ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አፈርኩ። እኔ በአንዲት ሳንቃ ተናድጄ የገጠምኩት በር ስድስት ዓመቷን በላባት።

አቶ ላምቤቦ ቤት ሄጄ ጎረቤቱን አስጠራሁና እውነቱን ነገርኳቸው። ጉድጓዱ ባዶ ነው፣ አማቴ ልትመጣ ነው፣ ታደለች ልትዋረድ ነው። መልሳቸውን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር፤ አንዱ ቦቲ አለኝ ሊል፣ ሌላው እዘላለሁ ሊል። ማንም እንዲህ አላለም። ሲስተር አበበች አንገቷን ደፋች። ኑሪ "ቆጮ ከእኛ ቤት ይመጣል" አለ። ሌላው "ከእኛም" አለ፣ ሌላው "ከእኛም"። ለጋራ ድልድይ አንዲት ሳንቃ ያጣ ሠፈር ለአንዲት ሴት ገመና እጁን ሁሉ ዘረጋ። ይህን ከየትኛው ምዕራፍ እንደማስገባው እስከ ዛሬ አላውቅም። "አማቴ ግን እንዳትሰማ" አልኳቸው። ሁሉም ማሉልኝ።

የመስቀል ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ስምንቱም ቤት ቆጮውን በቅጠል ጠቅልሎ፣ አይቡን በሳህን ይዞ ወደ እኛ ቤት መጣ። ድልድዩ አጠገብ ሲደርሱ ማዶ የኑሪ ሚኒባስ ቆመ። አማቴን ከመናኸሪያ አምጥቷት ነው። ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ ጥቁር ጃንጥላ እንደ ከዘራ የያዘች ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር ወረደች። ጎረቤቶቼ እንግዳ አዩ፤ እንግዳ ሲያዩ ደግሞ ልባቸውን አያዙም። "እንኳን ደኅና መጡ!" እያሉ፣ ቆጮውን እንደ ያዙ፣ በሩን ከፍተው ሁሉም በአንድ ጊዜ ድልድዩ ላይ ወጡ።

አንዱ ቢያልፍበት ለሌላው አይቀንስም ብዬ ነበር። ሁሉም ባንድ ላይ ሲቆሙበት ምን እንደሚሆን አላስተማርኩም። ያ ተሰብሮ ሳይተካ የቀረው ሳንቃ አጠገቡ ያለውን ይዞ ሄደ፣ እሱም የሚቀጥለውን። ግንዶቹ ሲቀሩ ሳንቃው በሙሉ ወረደ። ማንም አልተጎዳም፤ ውኃው ጭን ድረስ ነው። ቆጮው ግን ሄደ። የስምንት ቤት ቆጮ ከነቅጠሉ በጎርፉ ላይ ተከታትሎ በአማቴ ፊት አለፈ። አማቴ በዓይኗ እስከ መታጠፊያው ድረስ ሸኘችው። የመጨረሻው ሰው ከውኃው ሲወጣ ነፋሱ በሬን በላዬ ላይ ዘጋው፤ ራሱን ቆለፈ።

ታደለች አጠገቤ ቆማ እጇን አፏ ላይ ጭናለች። እናቷ ማዶ ናት፣ እሷ ወዲህ፤ መካከል ላይ ሁለት ግንድና ጭቃ።

ያኔ አቶ ላምቤቦ እስከ ጭናቸው እንደ በሰበሱ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሲመለሱ የቤታቸውን በር በጀርባቸው አዝለው ነው። ከማጠፊያው ነቅለውታል። ጭቃውን ተሻግረው ማዶ በግንዶቹ ላይ አጋደሙት። ሲስተር አበበች አየቻቸውና ሮጠች፤ በሯን ከወንድሟ ጋር ተሸክማ መጣች። ዘይነባ የአባቷን በር እየጎተተች አመጣች። ሳንቃ ለካ አልነበራቸውም፤ በር ግን ሁሉም ቤት ነበረው። ስምንት በር ጎን ለጎን ተነጠፈ።

አማቴ ጃንጥላዋን መሬት ላይ ተክላ ቆመች። "የማንን በር ነው የምረግጠው?"

"የእኔን፣ ይርገጡት" አሉ አቶ ላምቤቦ።

"የሰው በር እንዴት ይረገጣል?"

አቶ ላምቤቦ ወደ እኔ አዩ፣ ወደ ታደለች አዩ፤ የማሉትን ረሱት። "የልጅዎን ቆጮ በልቻለሁ እኮ" አሉ። "ከሐምሌ ጀምሮ። ይርገጡት።"

ረገጠችው። ሁለተኛው በር ላይ ቆማ ጠየቀች። "እኔም በልቻለሁ፣ በአይብ" አለች ሲስተር አበበች። ሦስተኛው ላይ ዘይነባ "እኛም፤ ሽማግሌዎቼም በልተዋል" አለች። እንዲህ በየበሩ አንድ አንድ ቤት ጥፋቱን ተናገረ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ መሬቷም ከፊቴ ተከፍታ ነበር። ታደለች እጄን እስኪያመኝ ጨብጣዋለች።

ስምንተኛው በር ላይ አማቴ ቆመች። በተዘጋው በሬ ጎን በእሾህ አጥሩ መካከል ልጇን አየቻት።

"ታደለች! ጉድጓድሽ ባዶ ነው አሉኝ።"

"አዎ፣ እማዬ።"

"እሰይ!" አለች አማቴ፣ ድምፅዋ ሠፈሩን ሞላው። "ሙሉ ሆኖ ባገኘው ነበር የማፍርብሽ።"

ታደለች እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር። እኔም ዓይኔን ጠረግኩ፤ ወንድሞቿ ስላላዩኝ ነው የምነግራችሁ።

ከስምንተኛው በር እስከ ደጃችን አንድ እርምጃ ጎድሏል። ከሥሩ ጎርፉ ይሄዳል። አማቴ ክፍተቱን አየችና "የዚህኛውስ በር የታለ?" አለች።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። መንቀያውን አመጣሁ። ኑሪ ከማዶ ሊናገር አፉን ከፈተና ተወው። በሩን ከማጠፊያው አላቅቄ፣ ከነቁልፉ፣ ከነጠመኔ ቁጥሩ፣ በክፍተቱ ላይ አጋደምኩት። አማቴ በእግሯ ጫፍ ነካ አድርጋው ቆመች። ከእኔም የሆነ ቃል እየጠበቀች ነው።

"እማማ" አልኩ፣ "እኔ እንኳ የዘጋሁት ነኝ።"

ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

"ታዲያ ቆመህ ታየኛለህ? ይግቡ አትለኝም እንዴ?"